ሲኤንሲ ፍሬዛ ለሚገዛ ባለሀብት የሸዋ ሮቢት ፓምፕ ምን ያስተምራል?

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት የይፋት ቆላ የገበያ በር ናት። ከጣርማ በር ዳገት ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ መንገደኛ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋውን ሜዳ ሲያገኝ ሽንኩርቱን፣ ማሾውን፣ ማሽላውንና ጤፉን አብሮ ያገኛል። የአዲስ አበባ ነጋዴ ሸዋ ሮቢትን የሚያውቃት በሽንኩርቷና በማሾዋ ነው። ሽንኩርቱ ግን ያለ ውሃ፣ ውሃውም በብዙ ማሳ ላይ ያለ ሞተር ፓምፕ የለም።

ፓምፕ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በትልቅ ብልሽት አይደለም። የተበላ ቻቬታ፣ የተሰነጠቀ ፍላንጅ፣ ጥርሱ ያለቀ ማርሽ ወይም ቺንጋውን መያዝ ያቃተው ፑሌጃ ይበቃል። ሽንኩርት ሥሩ ወደ መሬት ጠልቆ የሚሄድ ተክል ባለመሆኑ በቆላው ሙቀት ለጥቂት ቀናት ውሃ ቢያጣ፣ በተለይም ኮረቱን በሚያሳድግበት ወቅት፣ ጉዳቱ ወዲያው በምርቱ ላይ ይታያል። ስለዚህ የአንድ ፍላንጅ ዋጋ የሚለካው በብረቱ ክብደት ሳይሆን ማሳው ውሃ ሳያገኝ በቆየበት ቀን ብዛት ነው።

መለዋወጫው ድሮም ቢሆን ከመርካቶ ወይም ከውጭ የሚመጣ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በውጭ ገንዘብ የሚገዛ ማንኛውም ዕቃም ዋጋው አብሮ ወጣ። በዚህ ላይ መንገዱ አለ። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ ጦርነቱም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢትን ሲያዳርስ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ ግጭት ሲነሳ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ እንደ ወትሮው የማይሆንበት ጊዜ እንዳለ የአካባቢው ነጋዴ አይቷል።

እንግዲህ መለዋወጫውን እዚሁ እንሥራው የሚለው ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሐሳቡ ሲነሳም የብዙ ባለሀብት ዓይን የሚያርፈው በኮምፒዩተር በሚታዘዘው የፍሬዛ ማሽን፣ በተለምዶ ሲኤንሲ በሚባለው ላይ ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ ከመታዘዙ በፊት ገዢው ሊያውቃቸው የሚገቡ የወርክሾፕ ቁም ነገሮች አሉ። አብዛኞቹ ወጪ የላቸውም፤ አለማወቃቸው ግን ብዙ ያስወጣል።

አንድ ፍሬ ወይስ ሃያ?

የመጀመሪያው ጥያቄ የማሽኑ ዋጋ አይደለም፤ የሚሠራው ዕቃ ብዛት ነው። ሲኤንሲ ፍሬዛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፕሮግራም ይጻፍለታል፣ ሞርሳው ይስተካከላል፣ የእያንዳንዱ መቁረጫ ርዝመት ይለካል፣ የመጀመሪያው ፍሬ በጥንቃቄ ይሞከራል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ይባላል። በዝግጅት ሰዓት ማሽኑ ብረት አይቆርጥም፤ ገንዘብም አያስገባም።

ለአብነት የአንድ ፍላንጅ ዝግጅት በሲኤንሲ 3 ሰዓት፣ ማለትም 180 ደቂቃ፣ ይወስዳል እንበል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፍሬ በ10 ደቂቃ ይወጣል። በእጅ በሚዞረው ተራ ፍሬዛ ደግሞ ዝግጅቱ 30 ደቂቃ፣ እያንዳንዱ ፍሬ 45 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። አንድ ፍሬ ብቻ ከታዘዘ ሲኤንሲው 190 ደቂቃ፣ ተራው ፍሬዛ 75 ደቂቃ ይወስዳሉ። አራት ፍሬ ሲሆን ሲኤንሲው 220፣ ተራው 210 ደቂቃ ይሆናሉ። አምስተኛው ላይ ሲደረስ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ 230 ደቂቃ ከ255 ጋር ነው። ሃያ ፍሬ ሲታዘዝ ሲኤንሲው ለአንዱ በአማካይ 19 ደቂቃ፣ ተራው ግን 46 ደቂቃ ተኩል ያስከፍላል።

ቁጥሩ እንደ ዕቃው ይለያያል፤ ሕጉ ግን አይለወጥም። ማሳ ላይ ለተሰበረ አንድ ዕቃ ብየዳ፣ ቶርኖና ተራ ፍሬዛ ይበቃሉ፤ ፈጣንም ናቸው። ሲኤንሲው የሚያተርፈው በአካባቢው በብዛት የተሸጠ የፓምፕ ዓይነት ተለይቶ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሰበረው ክፍል ታውቆ፣ ሃያና ሠላሳ ፍሬ አንድ ላይ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ገበሬው ፓምፑ በቆመ ዕለት ዕቃውን ከሱቅ ያነሳል። በአንድ ልክ የወጡ በመሆናቸው ሃያኛውም እንደ መጀመሪያው ያለ ሞረድ ይገባል።

ስለዚህ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ከማሽኑ በፊት ደብተር መግዛት አለበት። ለአንድ የመስኖ ወቅት የትኛው ፓምፕ፣ በየትኛው ክፍሉ፣ ስንት ጊዜ እንደተሰበረ የፓምፕ ሻጩና የጥገና ባለሙያው ቢመዘግቡ ከማንኛውም የአዋጭነት ጥናት የተሻለ መረጃ ይሆናል።

የማሽኑ ቋንቋ

በቁጥር የሚታዘዝ ፍሬዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ሐሳቡን ያነሳው ጆን ፓርሰንስ የሄሊኮፕተር ክንፍ ቅርጽን በቁጥር ለማውጣት ይደክም የነበረ አምራች ነበር። ማሽኑ ለረጅም ጊዜ የትላልቅ ፋብሪካዎች ንብረት ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ሃስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ50,000 ዶላር በታች የሆነ ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ አነስተኛ ወርክሾፖችም መግዛት ጀመሩ። በአገራችንም በአቃቂ መለዋወጫ ለማምረት የተቋቋመውን ፋብሪካ የመሳሰሉ የብረታ ብረት ድርጅቶችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቴክኖሎጂውን ያውቁታል።

የሚታዘዝበት ቋንቋ ጂ ኮድ ይባላል። በማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሲሆን ለባለሀብቱ ጥቂቶቹን ማወቅ ይጠቅመዋል። ጂ00 ሳይቆርጡ በፍጥነት መሄድ ነው። ጂ01 እየቆረጡ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ጂ02ና ጂ03 ክብ መሥራት ናቸው። ጂ21 ልኩ በሚሊ ሜትር መሆኑን፣ ጂ90 ልኩ ሁሉ ከአንድ ዜሮ መቆጠሩን ይናገራሉ። ጂ54 የሥራው ዜሮ የት እንደሆነ፣ ጂ43 የመቁረጫው ርዝመት ምን ያህል እንደሆነ ማሽኑን ያስታውሳሉ። ኤም03 ዋናውን ዘንግ (ስፒንድሉን) ያስነሳል፤ ኤም08 የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ይከፍታል፤ ኤም30 ፕሮግራሙን ይዘጋል።

ስድስት የብሎን ቀዳዳ ያለውን የፓምፕ ፍላንጅ እንውሰድ። ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 90 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከመሐል እስከ ቀዳዳው 45 ሚሊ ሜትር ነው። መሐሉን ዜሮ ብንለው የመጀመሪያው ቀዳዳ ኤክስ 45፣ ዋይ 0 ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ኤክስ 22.5፣ ዋይ 38.971 ላይ ነው። ሦስተኛው ኤክስ ከዜሮ በታች 22.5፣ ዋይ 38.971 ይሆናል። የቀሩት ሦስቱ የእነዚሁ ግልባጭ ናቸው። በጂ81 የመብሳት ትእዛዝ አንዴ ተነግሮት ስድስቱ ቦታዎች ከተሰጡት ማሽኑ ሁሉንም ራሱ ይበሳል። ቀዳዳው ከፑንታው ውፍረት ከሦስት እጥፍ በላይ ጥልቅ ሲሆን ጂ83ን መጠቀም ይመረጣል፤ ፑንታው በየመሐሉ እየወጣ ቅርፍቱን ስለሚያራግፍ አይሰበርም።

እዚህ ላይ የብዙ ጀማሪ እጅ የሚሰናከልበት ነገር አለ፤ እሱም ነጥብ ነው። በብዙ አሮጌ መቆጣጠሪያዎች ላይ 45 ተብሎ ያለ ነጥብ የተጻፈ ቁጥር 45 ሚሊ ሜትር አይደለም፤ 0.045 ሚሊ ሜትር ነው። ነጥቡ ሲታከልበት ብቻ 45 ይሆናል። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ደግሞ ሲከፈት በኢንች ሊነሳ ይችላል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ስህተቱ መቁረጫውን ብቻ ሳይሆን ሞርሳውንና ስፒንድሉንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጂ21 በእያንዳንዱ ፕሮግራም የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ።

ዜሮው ከሌለ ሥራው የለም

ማሽኑ ዓይን የለውም። ብረቱ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው ኦፕሬተሩ ሲነግረው ብቻ ነው። ከዚህ የተነሳ በሲኤንሲ ቤት የሚበላሸው ሥራ ብዙውን ጊዜ ከፕሮግራም ይልቅ ከዜሮ ስህተት የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ሞርሳው ይስተካከል። ዳያል ጌጁ በስፒንድሉ ላይ ታስሮ የማይንቀሳቀሰውን የሞርሳ መንጋጋ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድበት መርፌው ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ መወዛወዝ የለበትም። የሥራው ዜሮም ከዚሁ ከማይንቀሳቀሰው መንጋጋ በኩል ይወሰድ፤ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ እንደ ብረቱ ስፋት ወዲያና ወዲህ ስለሚል ሁለተኛው ፍሬ ላይ ዜሮው ይጠፋል። ጠርዝ መፈለጊያው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ጠርዙን ሲነካ የስፒንድሉ መሐል 5 ሚሊ ሜትር ወዲህ ነው። ይህችን 5 መደመር ወይም መቀነስ የረሳ ኦፕሬተር ሃያውንም ፍሬ 5 ሚሊ ሜትር ገፍቶ ይበሳል።

ቀጥሎ የመቁረጫዎቹ ርዝመት ነው። ሦስተኛው መቁረጫ ርዝመቱ በሦስተኛው መስመር ላይ ይመዝገብ፤ በፕሮግራሙም ሦስተኛው መስመር ይጠራለት። ቁጥሩ ከተቀላቀለ ረጅሙ ፑንታ በአጭሩ ልክ ወርዶ ብረቱን ይመታል። መቁረጫ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ይለካ። የተለወጠበት ቀንና የተለካበት ቁጥር በማሽኑ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ቢጻፍ የማታው ተረኛ ከቀኑ ተረኛ ጋር አይጣላም።

ፍጥነቱ በስሌት እንጂ በልማድ አይሁን

የስፒንድሉ ዙር የሚገኘው ቀላል በሆነ ስሌት ነው። ለብረቱ የሚስማማው የመቁረጫ ፍጥነት በደቂቃ በሜትር ይወሰድና በ1,000 ይባዛል፤ የመቁረጫው ስፋት በ3.14 ተባዝቶ ለዚያ ያካፍለዋል። ለስላሳ ብረት በተለመደው የኤችኤስኤስ መቁረጫ ሲሠራ በደቂቃ 25 ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። መቁረጫው 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 25,000ን ለ31.4 ማካፈል 800 ዙር ገደማ ይሰጣል። በካርባይድ መቁረጫ 100 ሜትር ብንይዝ ዙሩ 3,180 ያህል ይደርሳል።

የመግፊያው ፍጥነት (ፊድ) ደግሞ የዙሩ፣ የጥርሱ ብዛትና አንድ ጥርስ በአንድ ዙር የሚያነሳው ውፍረት ብዜት ነው። አራት ጥርስ ያለው መቁረጫ በጥርስ 0.03 ሚሊ ሜትር ቢያነሳ በ800 ዙር በደቂቃ 96 ሚሊ ሜትር፣ በ3,180 ዙር ደግሞ 380 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። ካርባይዱ ከኤችኤስኤሱ ይወደዳል፤ የሚቆጥበው ሰዓት ግን ከዚህ ስሌት ላይ ይታያል። በአንጻሩ በጥቂቱ ልቅ በሆነ ሞርሳ ወይም በተንቀጠቀጠ ሥራ ላይ ካርባይድ ይሸረፋል፤ ኤችኤስኤስ ይታገሳል።

ፈርቶ ፊዱን አብዝቶ መቀነስ ጥንቃቄ የሚመስላቸው አሉ። ጥርሱ ብረቱን ካልነከሰ ይፈትገዋል፤ ሲፈትገው ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይደንዛል። የቅርፍቱ ቀለም ጥሩ መካሪ ነው፤ በኤችኤስኤስ ብረት ሲቆረጥ ቅርፍቱ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ዙሩ በዝቷል ማለት ነው። በካርባይድ ግን ሰማያዊ ቅርፍት አያስደነግጥም። ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት፣ ቅርፍቱ እንደ ዱቄት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፈሳሽ በደረቁ ይሠራል፤ ከፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል የማሽኑን አልጋ የሚበላ ጭቃ ይሆናል። ብዙ የፓምፕ አካላት ጊዛ በመሆናቸው ይህ ለይፋት ወርክሾፕ ዋና ጉዳይ ነው።

በተራ ፍሬዛ ያደገ ባለሙያ ወደ ሲኤንሲ ሲመጣ የሚለውጠው አንድ ልማድም አለ። በአሮጌው ማሽን ጠመዝማዛው ዘንግ ልቅነት ስላለው ሥራው ከመቁረጫው ዙር በተቃራኒ ይገፋል። በሲኤንሲው ቦል ስክሩ ልቅነቱን ስለሚያጠፋው ከዙሩ ጋር በአንድ አቅጣጫ መሄድ ይመረጣል፤ ፊቱ ይጠራል፣ መቁረጫውም ይቆያል።

የመጀመሪያው ፍሬ

አዲስ ፕሮግራም በቀጥታ ብረት ላይ አይለቀቅም። የሥራው ዜሮ በ50 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሳና መቁረጫው በአየር ላይ እንዲሄድ ይደረጋል። መስመር በመስመር ማስኬጃው ይበራል፣ ራፒዱ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል፣ የኦፕሬተሩም ጣት ከማቆሚያው ቁልፍ አይርቅም። በስክሪኑ ላይ ቀሪው ርቀት ስንት ይላል? በዓይን የሚታየውስ ስንት ነው? መቁረጫው ከብረቱ 5 ሚሊ ሜትር ቀርቶት ስክሪኑ 40 ይቀራል ካለ ማቆም ነው።

የመጀመሪያው ፍሬ ከወጣ በኋላ ከሞርሳው ሳይፈታ ይለካል። ከተፈታ በኋላ በዚያው ልክ መልሶ ማሰር ከባድ ነው። ልኩ ሲጸድቅ ያ ፍሬ አይሸጥም፤ ስም ተጽፎበት እንደ ናሙና ይቀመጣል። ፕሮግራሙም ከማሽኑ ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ያ ዝግጅት የተከፈለበት ሀብት ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ትእዛዙ ሲመለስ ሦስቱ ሰዓት ወደ አንድ ሊወርድ ይችላል።

የሰውም ነገር አይዘንጋ። ስፒንድል በሚዞርበት አጠገብ ጓንት አይደረግም፤ ጋቢና ሰፊ እጅጌም አይጠጋም። የበሩን መከላከያ ሽቦ አገናኝቶ በሩ ተከፍቶ እንዲሠራ ማድረግ በአንዳንድ ቤት እንደ ብልሃት ይታያል። ባለቤቱ ይህን ካየ ሥራውን ማስቆም አለበት።

ቆላው ለማሽኑ ምን ያደርገዋል?

ለኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሞተሩን ሙሉ ጉልበት የሚያረጋግጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ችግሩ አየሩ ስስ ሆኖ ሞተሩን በደንብ አለማቀዝቀዙ ነው። በሸዋ ሮቢት ከፍታው ቀላል ቢሆንም ሙቀቱ አለ፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ይብሳል። ማሽኑ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን በር ከፍቶ ቬንትሌተር ማስገባት የተለመደ መላ ነው። ውጤቱ ግን የጊዛ ዱቄትና የሜዳው አቧራ በሰርኪዩቱ ላይ መቀመጥ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ማጣሪያው በየሳምንቱ ታጥቦ፣ ጣሪያው ከፍ ብሎና ከሥሩ ሙቀት መከላከያ ተደርጎለት መሠራት ይኖርበታል።

ሙቀት ልክንም ይለውጣል። አንድ ሜትር ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.012 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። 500 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት ፀሐይ ላይ ውሎ ከማሽኑ በ10 ዲግሪ ሞቆ ከታሰረ 0.06 ሚሊ ሜትር ረዝሞ ይሠራል፤ ሲበርድ ያጥራል። ለኩሽኔታ በሚሠራ 50 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ በተለመደው ደረጃ የሚፈቀደው ልዩነት 0.025 ብቻ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ብረቱ ከዋዜማው ጀምሮ ወርክሾፑ ውስጥ ይደር። ማሽኑም ጠዋት 15 ወይም 20 ደቂቃ ባዶውን ዞሮ ይሙቅ፤ ጥብቅ ልክ ያላቸው ሥራዎች ከዚያ በኋላ ይጀመሩ።

የማቀዝቀዣው ፈሳሽ በቆላ ቶሎ ይተናል። የሚተነው ውሃው ነው፤ ዘይቱ ይቀራል፤ ውህዱም ይወፍራል። ብዙዎቹ ውህዶች ከ5 እስከ 8 በመቶ ዘይት እንዲኖራቸው ይመከራል፤ በየማለዳው በሪፍራክቶሜትር መለካት ነው። ሲቀላቀልም ዘይቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ዘይቱ አይጨመርም። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ወርክሾፕ የውሃውን ጨዋማነት አስቀድሞ ያስመርምር።

መብራት ሲመጣና ሲሄድ መቁረጫው ብረቱ ውስጥ እንዳለ ይቆማል። ለመቆጣጠሪያው ዩፒኤስ፣ ለጠቅላላው ማሽን ቮልቴጅ ማስተካከያ፣ ለረዥም ትእዛዝ ደግሞ ጄኔሬተር ያስፈልጋል። እነዚህ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብረው ካልተሰሉ ሒሳቡ ሐሰት ነው።

አሮጌ ማሽን የሚያገናኝ ደላላ ይህን ይወቅ

ሲኤንሲ በአብዛኛው ያገለገለ ሆኖ ሲቀርብ ገዢና ደላላ የሚስማሙት በዓመተ ምርቱና በቀለሙ ከሆነ ሁለቱም ይጎዳሉ። መታየት ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

አንደኛ ቮልቴጁ ነው። የእኛ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የጃፓን ማሽን ብዙ ጊዜ 200 ቮልት፣ የአሜሪካው ከ208 እስከ 230 ቮልትና 60 ኸርዝ ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ በማን ይገዛል? ከዋጋ ድርድሩ በፊት ይለይ።

ሁለተኛ ልቅነቱ ነው። ዳያል ጌጅ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ማሽኑ 0.1 ሚሊ ሜትር ወደፊት፣ 0.1 ወደኋላ ሲታዘዝ መርፌው ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ስፒንድሉም ቀስ ብሎ ሲዞር የውስጥ ሾጣጣው ከ0.01 ሚሊ ሜትር በላይ መዋዠቅ የለበትም።

ሦስተኛ ባትሪው ነው። በብዙ ማሽኖች ላይ የማሽኑ መለኪያዎች በባትሪ ይጠበቃሉ። በመጋዘን ለዓመታት የቆየ ማሽን ባትሪው ሞቶ መለኪያዎቹ ጠፍተው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የተገዛው ማሽን ሳይሆን ብረት ነው። የመለኪያዎቹ ግልባጭና መመሪያ መጻሕፍቱ ከማሽኑ ጋር ይጠየቁ። ባትሪ ሲለወጥም ማሽኑ በርቶ እያለ ነው።

አራተኛ የመቁረጫ መያዣው ዓይነት ነው። ቢቲ 40ና ካት 40 የሚባሉት ላላየ ሰው አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ ለሌላው ግን አይሆንም። ማሽኑ ረክሶ ተገዝቶ መያዣዎቹ ከሌላ ዓይነት ከሆኑ ሃያ መያዣ እንደገና መግዛት ይከተላል።

የት ይተከል፣ በማን ይሠራ?

ማሽኑ ሸዋ ሮቢት ላይ ይተከል የሚል ግዴታ የለም። ደብረ ብርሃን 95 ኪሎ ሜትር፣ ኮምቦልቻ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚርቁት። ሁለቱም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ያላቸው፣ ፋብሪካ የለመዱ ከተሞች ናቸው፤ ኦፕሬተርም፣ ተጨማሪ ትእዛዝም ከዚያ ይገኛል። ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ መደርደሪያው፣ ብየዳው፣ ቶርኖውና ተራው ፍሬዛ ይኑሩ። መንገድ ቢዘጋም ከመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ለወቅቱ ይበቃል። በእሑዱ የሰንበቴ ገበያ በኩል የሚያልፈው የአካባቢው ሰው ዕቃውን የሚፈልገው ማሳው አጠገብ ነው፤ ማሽኑ የት እንደቆመ አይጠይቅም።

ለገንዘቡም ሁሉን በጥሬ ብር መክፈል ብቸኛው መንገድ አይደለም። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 ከተፈቀደ ቆይቷል። በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ፣ በአገር ደረጃም የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ማሽን በሊዝ ያቀርባሉ። በሊዝ የሚወስድ ሰው ግን የሚከፍለው ማሽኑ በሠራባቸው ወራት ብቻ አለመሆኑን ያስብ። የመስኖ ወቅት ያልፋል፤ ክፍያው አያልፍም። ስለዚህ ከፓምፕ ውጭ ለወፍጮ ቤት፣ ለብሎኬት ማሽንና ለመኪና ጥገና የሚሆኑ ዕቃዎች በክረምቱ ወራት ማሽኑን እንዲያሠሩት አስቀድሞ ይታቀድ።

ኦፕሬተሩ ከሁሉ ይበልጣል። ፕሮግራም መጻፍ በጥቂት ወራት ይለመዳል፤ ብረትን በድምፁና በቅርፍቱ ማወቅ ግን ከቶርኖና ከፍሬዛ ቤት የሚመጣ ነው። ከኮሌጅ የወጣውን ወጣት ከአንድ አንጋፋ የፍሬዛ ባለሙያ ጋር ማቀናጀት ከሁለት ወጣቶች ወይም ከሁለት አንጋፎች ይሻላል። ቅጥሩ ሲፈጸም የሚሰጠው ፈተናም ቀላል ነው፤ የስድስት ቀዳዳውን ፍላንጅ ሥዕል ሰጥቶ፣ ዜሮውን ከየት እንደሚወስድና ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። መልሱን ከማይንቀሳቀሰው መንጋጋ የጀመረ ሰው ይቀጠር።

በይፋት የሚቀጥለው የመስኖ ወቅት ሲመጣ ፓምፖቹ እንደ ወትሮው ይሰበራሉ። ያን ጊዜ የትኛው ዕቃ በስንት ፍሬ መደርደሪያ ላይ መኖር እንዳለበት የሚያውቀው ዛሬ መመዝገብ የጀመረው ነጋዴ ነው፤ ማሽን ለመግዛትም ሆነ ላለመግዛት የሚበቃ መልስ የሚያገኘውም እሱ ነው።